ዝግ ፋይል

ኤዲልማ በቅናት ልትሞት ነበር ስላቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ባሏ ምን አደረገ?" ብለው ነው። ባሏ ምንም አላደረገም። አንድ ፋይል አመሰገነ፤ በቃ።

እኔ ሪካውርቴ ሰፈር፣ ከእነኤዲልማ ማተሚያ ቤት ፊት ለፊት መጽሐፍ እጠርዛለሁ። ቦጎታ ውስጥ አንድ ሰው የሚታተም ነገር ሲኖረው፣ የሠርግ ጥሪም ይሁን የምግብ ቤት ሜኑ፣ የሚመጣው ወደ እኛ ሰፈር ነው። እዚህ በየበሩ ወይ ወረቀት የሚቆርጥ፣ ወይ ማሽን ላይ የሚታሰረውን የኅትመት ቆርቆሮ፣ ፕሌቱን፣ የሚያወጣ፣ ወይ እንደኔ የሚያጥፍና የሚጠርዝ ሰው አለ። ማሽን ሲጮህ አንሰማውም፤ ሲቆም ነው ቀና የምንለው።

ኤዲልማና ሊሳንድሮ ቤቱን የከፈቱት በተጋቡ ማግስት ነው ማለት ይቻላል። ሥራውን ያን ጊዜ እንደተካፈሉት እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። ሊሳንድሮ ከጓዳ ባለው ክፍል፣ ወረቀቱ ባለፈ ቁጥር ሁለት ቀለም ብቻ የሚያትመውን አሮጌ የኦፍሴት ማሽን ይይዛል። ኤዲልማ ከፊት፣ መስኮቱ ሥር፣ ኮምፒውተሯ ላይ ናት። ደንበኛ ያመጣው ፋይል በእሷ ዓይን ሳያልፍ ፕሌት አይወጣለትም። የሚያመጡትን ደግሞ ብታዩ! አንዱ የድርጅቱን አርማ ደብዳቤ ውስጥ ለጥፎ ይመጣል። ሌላው በስልክ የተላከለትን፣ ተጨምቆ ተጨምቆ ነፍሱ የወጣ ፎቶ ይዞ ግድግዳ የሚሞላ ፖስተር አድርጉልኝ ይላል።

"እመቤት፣ ስክሪን ላይ እኮ ቁልጭ ብሎ ነው የሚታየው!"

"ስክሪኑ በብርሃን ነው የሚሠራው፣ እኛ በቀለም። ብርሃን የሚያትም ማሽን ካገኘህ ለኛም ንገረን።"

ምላሷ ምላጭ ነው፤ ሥራዋን ግን የሚነቅፍ የለም። ለሁሉም ልኩን ትነግረዋለች፤ ፎቶ ከሆነ ሳይጨመቅ ዋናውን፣ አርማ ከሆነ ቢያሳድጉት የማይፈርሰውን በመስመር የተሳለውን፣ መጽሐፍ ወይም ካታሎግ ከሆነ ደግሞ ክፍቱን ፋይል ከነፎንቱና ከነሥዕሉ በአንድ ፎልደር። ክፍት የምትለው የተሠራበትን ፋይል ነው፤ ገብታ ልታርመው የምትችለውን። ፒዲኤፉን ዝግ ትለዋለች። "ክፍት ፋይል ግቢ የሚልሽ ቤት ነው፣ ኔልሲ። ዝግ ፋይል ከደጅ ቆመሽ 'መጋረጃው ያምራል' ብለሽ የምታልፊው ቤት ነው" ትለኝ ነበር።

ያሚሌ የመጣችው በዝናቡ ወራት ነው። ከፔሬይራ ከተማ የመጣች ዲዛይነር ናት፤ ከእነኤዲልማ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራየች። ሠላሳዎቹን ገና የጀመረች፣ ሳቂታ፣ ቦቲ ጫማዋ ደረጃውን ሲወርድ ከማሽኑ በላይ የሚሰማ ልጅ። የመጀመሪያ ሥራዋ የአንድ ዓሣ ቤት ሜኑ ነበር። ኤዲልማ ያን ጠዋት ባንክ ሄዳ ስለነበር ፋይሉን ሊሳንድሮ ራሱ ተቀበለና ከፍቶ አየው። ስትመለስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ስክሪኑ ፊት ተገትሮ አገኘችው።

"ኤዲዬ፣ ነይ እዪ! ፎንቱ ሁሉ ውስጡ አለ። ለመቁረጫ ዳር ዳሩ ተርፏል። ቀለሙ አራት ቦታ ተለይቶ ተቀምጧል። ጣት ሳይነካው በቀጥታ ወደ ፕሌት! በእውነት እንዲህ ያለ ፋይል አይቼ አላውቅም።"

ኤዲልማ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። አየችው። ፋይሉ በእርግጥ ጥሩ ነበር። "ደህና ነው" አለችና ዝናብ ያራሰውን ኮቷን ለመስቀል ሄደች።

በማግስቱ ልታጥፍልኝ ስትመጣ (ሥራ ሲበዛብኝ ታግዘኛለች) ወረቀቱን አንድ ጊዜ አጥፋ ሁለት ጊዜ ትዘረጋዋለች። "አይቼ አላውቅም አለ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እንዲህ ያለ ፋይል። ኔልሲ፣ እኔ ምን ስሰጠው ነው የኖርኩት? ድንጋይ?"

"ወንዶች እኮ የሰው ቤት ምግብ ሁሌ ይጣፍጣቸዋል" አልኳት ለማሳቅ። አልሳቀችም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሥር እንደያዘ ያወቅሁት።

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ምልክት ሆነባት። ሊሳንድሮ ፂሙን ተስተካከለ፤ ለምን ተስተካከለ? ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ለእሷ ማዕድ እንኳ በጨርቅ ጠርጎ አይደል የሚቀርበው? ያሚሌ አርብ አርብ ትኩስ አልሞሃባና፣ የአይብ ዳቦ፣ ገዝታ ትገባለች፤ ደንበኛ ቢጮህ ከማሽኑ የማይነሳው ሰውዬ የቦቲውን ድምፅ ሲሰማ ብቅ ይላል። "ለዳቦው ነው" ብላት "ዳቦ እኔም እገዛ ነበር፣ አይወድም ብዬ ነው የተውኩት" አለችኝ።

ሊሳንድሮ ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ፣ የያሚሌን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍታ ምስር እንደሚለቅም ሰው ስህተት ትፈልጋለች። የተሰነጠቀ ፎቶ፣ የጠፋ ፎንት፣ ከዳር የተጠጋ ፊደል፣ ማንኛውንም። አታገኝም። ይባስ ብሎ ሥራው እያማራት ይመጣል። አንድ ቀን ጥርሷን ነክሳ "መጥፎ ብትሆን ኖሮ በሰላም እጠላት ነበር" አለችኝ።

"ፋይሉን ነው ወይስ ልጅቷን የምትጠዪው?" ብዬ ጠየቅኋት። ሰንብታ ነው ያነጋገረችኝ።

እንዲህ ሳለ የኦርኪዱ ካታሎግ መጣ።

የፉሳጋሱጋ ከተማ የኦርኪድ አበባ አብቃዮች ማኅበር በየዓመቱ ለትርኢቱ ካታሎግ ያሳትማል። ሊቀመንበሯ፣ ሁሉም በአክብሮት ዶኛ የሚላቸው፣ ሆቪታ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ የማያወልቁ ትልቅ ሴትዮ። ካታሎጉን ገጽ በገጽ ስታሰናዳ የኖረችው ኤዲልማ ናት። የትኛው አበባ በቀለም ሲታተም እንደሚደበዝዝ፣ የትኛው ሐምራዊ ወደ ቡኒ እንደሚያጋድል ከአብቃዮቹ በላይ ታውቃለች። ለእሷ ይህ ሥራ ሥራ ብቻ አልነበረም። በዓመት አንድ ጊዜ ሰው ስሟን ጠርቶ "የኤዲልማ ካታሎግ" የሚላት ነገር ነው።

ዶኛ ሆቪታ መጡና እጇን ያዙ። "ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ። ኮሚቴው ውስጥ ያሉት ወጣቶች አዲስ መልክ ይኑረው አሉ። ዲዛይኑን ለያሚሌ ሰጥተናል። ኅትመቱ ግን የእናንተው ነው።"

"ምን ቅር ይለኛል ዶኛ ሆቪታ? ዋናው ማማሩ ነው" አለች ኤዲልማ። ፈገግ ብላ ሸኘቻቸው። ተመልሳ ስትቀመጥ፣ ቆሽቷ አርሮ እንደነበር ፊቷ ይናገር ነበር።

ያሚሌ ሥራውን ስትጨርስ ስለ ፋይሉ ልትነጋገር ወረደች። እኔ የካታሎጉን ወረቀት ውፍረት ልጠይቅ ገብቼ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

"ክፍቱን ፋይል አምጪልኝ" አለች ኤዲልማ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

"ዶኛ ኤዲልማ፣ ፒዲኤፉ ይበቃዎታል። ለማተሚያ ተብሎ በወጣው ደንብ መሠረት ነው የማወጣው።"

"ሐምራዊው ቢደበዝዝስ? በየት ገብቼ አርመዋለሁ?"

"የሚታረም ካለ ለእኔ ይንገሩኝ፣ አርሜ ወዲያው አመጣለሁ።"

"እዚህ ቤት የሚያርመው እኔ ነኝ።"

ያሚሌ ቀላ አለች፤ ግን አላፈገፈገችም። "አይቀየሙኝ። ፔሬይራ እያለሁ አንድ ማተሚያ ቤት ክፍት ፋይሌን ተቀብሎ፣ ስሜን ፍቆ ለሌላ ሰው ሸጠው። ከዚያ ወዲህ ክፍት ፋይል ለማንም አልሰጥም። ኩሽናዬ ነው። ገብቶ ድስቴን የሚከፍት ሰው አልፈልግም።"

"እኔ ሌባ ነኝ?"

"እንደዚያ አልወጣኝም!"

ሊሳንድሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከጓዳ ወጣ። ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ ያሚሌ አየ። መናገር ባልነበረበት ጊዜ ተናገረ። "ኤዲዬ፣ ልጅቷ እውነቷን ነው። ዛሬ ሁሉም የሚሠራው በፒዲኤፍ ነው። ዝጉ ይበቃናል።"

ለሊሳንድሮ ይህ ስለ ፋይል የተነገረ ነገር ነው። ኤዲልማ የሰማችው ሌላ ነው። ፋይል ሁሉ ተዘግቶ፣ ተሰናድቶ፣ ጣት ሳይነካው የሚመጣ ከሆነ፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ሴትዮ ለምን ታስፈልጋለች?

"እሺ፤ ዝግ ከሆነ ዝግ ይሁን" አለች።

ፒዲኤፉ መጣ። ኤዲልማ ልማድ ሆኖባት ከፍታ መመርመር ጀመረች። ኮምፒውተሩ ላይ አራቱን ቀለሞች አንድ በአንድ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል፤ ጥቁሩን ስታጠፋው በጥቁር ቀለም ብቻ የሚታተም ነገር ሁሉ ከስክሪኑ ይጠፋል። አበቦቹን አየች፤ ሐምራዊው እንደ እውነቱ ነው፣ ቢጫው ንጹሕ ነው። ጥቁሩን አጠፋችው። ፊደሎቹ አልጠፉም። በየአበባው ሥር ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ጭቃ መልክ ይዞ እዚያው ቆሟል። ያሚሌ ጽሑፉን የሠራችበት ጥቁር የስክሪን ጥቁር ነበር፤ ፒዲኤፉ ሲወጣ ከአራቱም ቀለም ተደባልቆ ተቀመጠ።

ለአበባ አራት ቀለም ትክክል ነው። ለደቃቅ ፊደል ግን መዓት ነው። እያንዳንዷ ፊደል አንድ ቦታ ላይ አራት ጊዜ መታተም አለባት፤ አንዱ በፀጉር ስፋት ካፈነገጠ በዙሪያዋ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይወጣባታል። ያውም ወረቀቱ ሁለት ጊዜ በሚያልፍበት አሮጌ ማሽን፣ ያውም እርጥበቱ ወረቀት በሚያሳብጥበት በቦጎታ ዝናብ።

"ደስ አለኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ ኔልሲ፣ ሎተሪ የወጣልኝ ያህል ነው ደስ ያለኝ" አለችኝ በኋላ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ያሚሌ ክፍት ፋይሏን ከፍታ ጥቁሩን ወደ አንድ ቀለም ትመልሰዋለች፣ ፒዲኤፉን እንደገና ታወጣዋለች፣ አለቀ። ኤዲልማም ልትነግራት ተነሥታ ደረጃው ሥር ደርሳ ነበር። እጇን መደገፊያው ላይ እንዳሳረፈች ከላይ ሳቅ ሰማች። የሊሳንድሮ ሳቅ ነው። የሽፋኑን ወረቀት ናሙና ሊያሳይ ወጥቶ ነበር። እንደዚያ ከሆዱ ሲስቅ ከሰማችው ስንት ዘመኗ! ምን ብላው ነው? እጇን ከመደገፊያው አነሣች። ተመልሳ ተቀመጠችና ፋይሉን እንዳለ ፕሌት ለሚያወጣው ላከችው።

በማተሚያው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሊሳንድሮ ፕሌቶቹን ሲያስር አንዱን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየውና ወደ ፊት ይዞት መጣ።

"ኤዲዬ፣ ጽሑፉ በአራቱም ፕሌት ላይ አለ። አይተሽዋል?"

ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ "ዝግ ፋይል ነው። ባለቤቷ ታውቃለች" አለችው።

ፕሌቱን ዝቅ አደረገ። "አዎ፣ ያሚሌ ያለ ምክንያት አታደርገውም። ጥቁሩ ጥልቅ እንዲል ፈልጋ ይሆናል" ብሎ ተመለሰ።

እኔ ብሆን ኖሮ ቤቱ በጩኸት ይናጋ ነበር፣ ብላ አሰበች ኤዲልማ። እኔ ብሆን ኖሮ "ዓይንሽ የት ነበር?" ነው። ለሷ ግን ምክንያት ይፈለግላታል። ይህ ከሳቁም በላይ አቃጠላት፤ ልትነግረው አፏ ላይ የደረሰውንም ዋጥ አደረገችው።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ለማጠፍ ልወስድ ስሄድ የሚወሰድ አልነበረም። ወለሉ በተጣለ ወረቀት ተሞልቷል። አንዱን አነሣሁ። አበባው ልክ ሕይወት ያለው ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ግን እንባ ባቀረረ ዓይን እንደሚነበብ ነው፣ እያንዳንዱ ፊደል ከጎኑ ሮዝ መንትያ ቆሞበታል። ሊሳንድሮ ፕሌቱን ያላላል፣ ያጠብቃል፣ ያስነሣል፣ ያቆማል። ማሽኑን ረገመ። ወረቀቱን ረገመ። ዝናቡን ረገመ። ያሚሌን አልረገመም።

በመጨረሻ ማሽኑን አጠፋና የወረቀት እሽግ ላይ ተቀመጠ። ቀለም የነካቸውን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እያየ "ኤዲዬ፣ እጄ አርጅቷል መሰለኝ" አለ። "ድሮ እንዲህ ያለ ነገር አያቅተኝም ነበር። ዓይኔም ይሆናል። እንግዲህ ለዚህ ሥራ አበቃሁ ማለት ነው።"

ኤዲልማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እንድትወድቅላት የፈለገችው ያሚሌ ናት፤ ወድቆ ያገኘችው ባሏን ነው።

"እጅህ አይደለም፤ ፋይሉ ነው። ጥቁሩ ተሳስቷል" አለች።

ቀና አለ። "መቼ ነው ያየሽው?"

"ፕሌት ሳይወጣ።"

መሄድ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ሊሳንድሮ ከእሽጉ ላይ ተነሣ።

"እና ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር ስታገል ቁጭ ብለሽ ታዪኛለሽ?"

"ዝጉ ይበቃናል ያልከው አንተ ነህ!" ድምፅዋ ተሰበረ። "ሰው ፊት! እሷ ፊት! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ፋይልሽ ጥሩ ነው ብለኸኝ ታውቃለህ? 'ጨረስሽ?' ነው የምትለኝ። ጨረስሽ! ከዚያ አንዲት ልጅ አንድ ሜኑ ይዛ ስትመጣ 'እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም' አልክ። የእኔንስ?"

"የአንቺን?"

"አዎ፣ የእኔን!"

"የአንቺን አይቼ አላውቅማ" አለ ሊሳንድሮ፤ ግራ ተጋብቶ። "ከፍቼ አይቼው አላውቅም። ምን አያለሁ? ከአንቺ እጅ የወጣውን በጭፍን ነው የማትመው። የሷን ያየሁት ስለማላውቃት ነው። ጉድ እንዳትሠራኝ ብዬ አገላበጥኩት፤ ደህና ሆኖ ሳገኘው ገረመኝ።"

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ አልቅሳ አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር። ኤዲልማ ግን ኤዲልማ ናት። "በጭፍን!" አለች። "ስለዚህ ዕድሜዬን ሁሉ ዓይኔን ያጠፋሁት ለማይታይ ነገር ነው? አመሰግናለሁ፣ ሊሳንድሮ፤ ደስ የሚል ወሬ ነው የነገርከኝ።"

እሱም በተራው ነደደ። ፕሌቱ ሄደ፣ ወረቀቱ ሄደ፣ ቀኔ ሄደ፣ ከሁሉም በላይ ለራሴ ሽማግሌ ነኝ ብዬ አመንኩ፣ አላት። ኮቱን አንሥቶ ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ኤዲልማ ሳትጠራ ወደ ላይ ወጣች። ያሚሌ ትኩስ የፓኔላ፣ የሸንኮራ ስኳር፣ ውሃዋን ይዛ ኮምፒውተሯ ላይ ነበረች። ኤዲልማ የተበላሸውን ገጽ ፊቷ ዘረጋችው።

ያሚሌ አመድ መሰለች። "አይሆንም። እኔ በደንቡ ነው ያወጣሁት። ሰው ነክቶት ነው።"

"ዝግ ፋይል ማን ይነካዋል? እስቲ ክፈቺውና ጥቁሩን አጥፊው።"

አጠፋችው። ጭቃ የመሰሉት ፊደሎች ስክሪኑ ላይ ቀሩ። ያሚሌ የተበላሸውን ገጽ ከጎናቸው አስጠጋችው። "መቼ ነው ያዩት?" አለች።

"ፕሌት ሳይወጣ። አይቼ ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

"ስለቀናሁብሽ።"

ልጅቷ ከወንበሯ ተነሣች። "ባልዎን የምፈልገው መስሎዎት ነው? እኔ ዶን ሊሳንድሮን እንደ አባቴ ነው የማየው!"

"መጀመሪያ መስሎኝ ነበር። ባሌን ብትፈልጊውማ በተሻለ። ሲያንኮራፋ አንድ ሳምንት ብትሰሚው ራስሽ ደረጃውን አውርደሽ ትመልሺልኛለሽ።"

ያሚሌ ልትስቅ ከጅሏት ተወችው። ተቆጥታ ነበር፤ መቆጣትም ይገባት ነበር። "አንድ ቃል ቢጠሩኝ እኮ ይበቃ ነበር። እዚህ ከተማ ማንም የለኝም። ይህ ካታሎግ ቢበላሽ ሁለተኛ ሥራ የሚሰጠኝ ማን ነው?"

"አውቃለሁ።"

"አውቀው ነው!"

"አውቄ ነው" አለች ኤዲልማ።

ያሚሌ መሳቢያዋን ሳበች። ከዚያ ፍላሽ አወጣች፣ ፎልደሩን በሙሉ ገለበጠችበት፣ ከነፎንቱ፣ ከነሥዕሉ። "ይውሰዱ። እኔ ዛሬ ተናድጃለሁ፣ ሌላ ስህተት እጨምርበታለሁ። ግን ከዚያ ቤት አንድ ገጽ እንኳ ብትወጣ…"

"ጨዉን ብቻ ነው የማስተካክለው። ድስትሽን አልነካም።"

ኤዲልማ ክፍቱን ፋይል ከፈተች። ሁሉም ነገር ስም አለው፣ ሁሉም በቦታው ነው። እያንዳንዱ አበባ ሳይጨመቅ ተቀምጧል። ጥቁሩን አንድ ቦታ ላይ ቀየረችውና በሁሉም ገጽ ተስተካከለ፤ እንደዚያ እንዲሆን አድርጋ የሠራችው ያሚሌ ናት። "እዚያ ውስጥ እያለሁ ደግሞ ቅናቱ ተነሣብኝ። እኔ በእሷ ዕድሜ እንዲህ ንጹሕ አልሠራም ነበር" ብላ ነግራኛለች። ፒዲኤፉን አወጣች፣ ጥቁሩን አጠፋች፣ ፊደሎቹ ጠፉ። ላከችው።

ሊሳንድሮ አዲሶቹን ፕሌቶች አስሮ ካታሎጉን አተመ። ፊደሎቹ እንደ ሰንደል ቀጥ ብለው ወጡ። እጁ አላረጀም ነበር። ለሚስቱ ግን ከወረቀትና ከቀለም በቀር ቃል አይወጣውም። ሾርባውን ይጠጣል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ ይተኛል። እሷም አልለመነችውም።

ዶኛ ሆቪታ ሊረከቡ ሲመጡ አራታችንም እዚያ ነበርን። አንዱን ቅጂ ገለጡና አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱት። ካትሌያ የምትባለው ሐምራዊ ኦርኪድ ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት። "ያሚሌ፣ ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ!" ብለው ሁለት ጉንጯን ሳሟት። ከዚያ ወደ ኤዲልማ ዞረው "አንቺም ደክመሻል" አሏት።

ያሚሌ ወለሉን አየች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ነኝ የነደድኩት፤ ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ኤዲልማን ጎትቼ "ምነው አልተናገርሽም? ያዳነችው እኮ አንቺ ነሽ!" አልኳት።

"እኔ አንድ ቀን ዝም አልኩባት፣ እሷ አንድ ቀን ዝም አለችብኝ። ተቻችለናል" አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቅናቱ ጠፋ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ያሚሌ ጥሩ ሥራ ይዛ ስትወርድ የኤዲልማ ከንፈር ዛሬም ትንሽ ይጠብቃል። ግን ልጅቷ አሁን ሁለቱንም ነው የምታመጣው፤ ፒዲኤፉን ለማተሚያ፣ ክፍቱን ፎልደር ከጎኑ "ምናልባት ቢያስፈልግ" ብላ። ኤዲልማም የሚመጣውን ደንበኛ ሁሉ እንደዚያ አምጣ ትለዋለች፤ ያስተማራት ማን እንደሆነ ግን አትናገርም።

ከሁሉም የገረመኝ ሊሳንድሮ ነው። የገና በዓል ሊደርስ ሲል ሰፈሩ ሁሉ በኖቬና፣ በዘጠኝ ቀኑ የዋዜማ ጸሎት፣ መጻሕፍት ይጨናነቃል። ኤዲልማ የደብሩን ኖቬና ጨርሳ ልትልክ ስትል ከጓዳ ወጣ። እጁን በሳሙና ታጥቧል። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ።

"እስቲ አሳዪኝ" አለ።

"ምኑን?"

"ፋይሉን ነዋ። ከመጀመሪያው ገጽ።"

እኔ ቀለም ልበደር መጥቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ኤዲልማ አንገቷ ድረስ ቀላች። ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠችለት። ሊሳንድሮ አልቸኮለም፤ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጸሎቱን ሁሉ አነበበ። መዝሙሩ ጋ ሲደርስ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ።

"ይሄ ጥሩ አይደለም።"

"ምን?"

"የአዝማቹ መጨረሻ መስመር ወደ ሚቀጥለው ገጽ ወድቋል። ሰው እየዘመረ ነው ገጽ የሚገልጠው? ሻማ ይዞ፣ ልጅ አቅፎ?"

"ቦታ የለማ! መስመሩ ሞልቷል!"

"ከላይ ያለውን ሥዕል ብታሳንሺው ቦታ ይኖርሻል።"

"ሥዕሉን? ሥዕሉማ አይነካም! አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ገጽ ማሰናዳት የምታውቀው?"

"እይልኝ አልሽ፣ አየሁልሽ! ምን ላድርግ፣ ልዋሽሽ?"

ቀለሙን ሳልበደር ወጣሁ። ጭቅጭቃቸው መንገዱን ተሻግሮ ይሰማኝ ነበር። ሥዕሉ መነካት የለበትም፣ አለበት፤ አዝማቹ ይጠር፣ አይጠር። ማሽኑ ቆሞ ስለነበር ሰፈሩም ቀና ብሎ ያዳምጣል። በኋላ ላጥፈው ሲመጣልኝ አየሁት። ሥዕሉ አንሷል፤ መዝሙሩም በአንድ ገጽ አልቋል።